ያልተከፈለበት ጥርስ

ኦሪን ፔልኪ መክሰሩን ከራሱ በፊት ያወቀው የወንዙ ዳር ሰው ሁሉ ነው። እንዴትስ አያውቅ? ሀብቱ እኮ በጠራራ ፀሐይ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ተንሳፍፎ ነው ያለፈው። ኦሪን ወንዙ በረዶ ሲሠራ በላዩ ላይ የሚተክላቸው፣ ለዓሣ አጥማጆች የሚያከራያቸው ትንንሽ የእንጨት ጎጆዎች ነበሩት። በዚያ ዓመት በረዶው ረጋሁ ብሎ ሳይረጋ ቀረ። አንድ እሑድ ምእመናኑ ስብከት ጨርሰው ሲወጡ፣ የኦሪን ጎጆዎች ተራ በተራ ወደ ባሕር ሲወርዱ አዩ። የመጨረሻዋ ምድጃዋ እንኳ አልጠፋም ነበር፤ ጭሷን እያንቦለቦለች፣ የኦሪንን ምሳ በሆዷ ይዛ ሄደች። ኦሪን ዳር ላይ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ። ሌላ ምን ያድርግ?

ዕዳ ከሜዳ ሲባል ሰምተናል፤ የእሱ ግን ከወንዝ መጣ። ጎጆዎቹ የተሠሩት በባንክ ብድር ነበር። የሆስፒታሉ ዕዳ አለ፣ የጀልባው ሞተር አለ፣ አንዱን ዕዳ በሌላው ዕዳ የሚደፍንበት የባንክ ካርድም አለ። በሰኔ መጨረሻ ላይ ጉዳዩ በኪሳራ ሕግ ታይቶ አለቀና ጠበቃው ኬሰል ቢሮው አስጠራው።

«እንኳን ደስ አለዎት አቶ ኦሪን። ከዛሬ ጀምሮ ነፃ ሰው ነዎት።»

«የባንኩም ተሰረዘ?»

«የባንኩም።»

«የሆስፒታሉ? የሞተሩ?»

«ሁሉም።»

ኦሪን ምላሱን በአፉ ውስጥ አንዴ አዞረ። «ጥርሱስ?»

«የቱ ጥርስ?»

«ይኸው» አለና አፉን በሰፊው ከፈተው። ጠበቃው ከነወንበሩ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። የላይኛውም የታችኛውም ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው፤ ባለፈው መጸው የሠራችለት ሊዮላ ቲቦዶ ናት። በየወሩ እከፍልሻለሁ ብሏት፣ ግማሹን እንኳ ሳያደርስ ጎጆዎቹ ወደ ባሕር ወረዱ።

«እሱም ተሰርዟል» አለ ጠበቃው።

«እሱ አይሰረዝም። እሱን እከፍላለሁ።»

«በፈቃድዎ ከሆነ ማንም አይከለክልዎትም። እሷ መጠየቅ አትችልም እንጂ እርስዎ መስጠት ይችላሉ። ግን እኔ ያልገባኝ፣ ያን ሁሉ ዕዳ ትተው ጥርሱን ምን አስመረጠዎት?»

ኦሪን አሰብ አደረገ። «ባንኩ እጁን አፌ ውስጥ ከቶ አያውቅም» አለ።

ይህ ለጠበቃው የተሰጠ መልስ ነው። እውነተኛው መልስ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዉ በመንደሩ ማኅበር አዳራሽ ተሰብስቦ በሸክላ የተጋገረ ባቄላውን ይበላል፤ ከዚያ ጠረጴዛው ተጠርጎ ክሪቤጅ የሚባለው የካርታ ጨዋታ ይጀመራል። ጨዋታው ለሁለት ለሁለት ነው። ኦሪንና ሊዮላ ጸጉራቸው ሳይሸብት ጀምሮ ጥንድ ናቸው፤ እሱ ፊት ለፊቷ ይቀመጣል፣ እሷ ትሰድበዋለች፣ እሱ ይስቃል፣ ብዙ ጊዜም ያሸንፋሉ። ጎጆዎቹ ሄዱ፤ ጀልባዋም በዕዳ ሄደች። ለኦሪን የቀረችው ያቺ ወንበር ናት። እሷም ከሄደች ጠዋት የሚነሣበት ምክንያት አይታየውም ነበር፤ ይህን ደግሞ ለማንም አልተናገረም።

ያልተናገረው ሌላም ነገር አለ። ጥርሱ በግራ በኩል ይቆረቁረዋል። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ድዱን ሲልጠው ከርሟል። ሊዮላ በሞረድ አንዴ ፋቅ ብታደርገው የሚያበቃ ነገር ነው። ነገር ግን ገንዘቧን የበላባትን ሴት «ሥራሽ ይቆረቁራል» ሊላት ነው? በምን ዓይኑ! ጥርሱን ነክሶ ቻለው። ጥርሱን በነከሰ ቁጥር ደግሞ ባሰበት።

አሁን ኦሪን በኋላ የሰማውን ነገር እኛ ቀድመን እንስማ፤ እሱ ይንከራተት። ለሊዮላም የፍርድ ቤቱ ማስታወቂያ ደርሷት ነበር። የሟች ባሏ ወንድም ዌንደል ደግሞ በአጋጣሚ ቤቷ ተቀምጦ ኬኳን እየበላ ነበር። ዌንደል ዕድሜውን ሙሉ አሮጌ መኪና የሸጠ ሰው ነው፤ የማያውቀው ሕግ ግን የለም። ማስታወቂያውን ከእጇ ቀማና አነበበ።

«እህቴ፣ ይኸ ነገር ቀልድ አይደለም። ‹በማናቸውም መንገድ እንዳትጠይቁት› ነው የሚለው። በማናቸውም! ዓይንም መንገድ ነው። ጥርሱን ትክ ብለሽ ካየሽው ጠየቅሽው ማለት ነው።»

«ኧረ በሕግ! ሰላም ልለው አልችልም?»

«‹እንዴት ነህ› ትይዋለሽ፤ እሱ ‹ኪሴ ባዶ ነው› ይልሻል፤ አለቀ፣ ስለ ገንዘብ አወራችሁ። የሥራ ፈቃድሽን ተነጥቀሽ ታርፊያታለሽ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!»

ሊዮላ ሞኝ አይደለችም፤ ግን ያቺ የጥርስ መሥሪያ ክፍሏ እንጀራዋ ናት፣ ፈራች። ዌንደል በካርታው ጥንድ አጥቶ ስንት ዘመን ሲቁለጨለጭ እንደኖረም ልብ አላለችም።

ቅዳሜ ደረሰ። ኦሪን አርባ ዶላር አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ሸሚዙን ተኮሰ፣ አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ለሊዮላ ከሩቅ ፈገግ አለላት። እሷም ጥርሱን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ግድግዳው ላይ የእሳት ማጥፊያ ተሰቅሏል፤ ኦሪን ባቄላውን በልቶ እስኪጨርስ ድረስ ያንን እሳት ማጥፊያ ስታነበው ቆየች። ካርታው ሲጀመር ዌንደል ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ኦሪን ዓይኑ እያየ ወንበሩ ተወሰደ። የቀሩት እማማ ፖምሮይ ብቻ ነበሩ፤ ዘጠና ሊሞላቸው ነው፣ ጆሯቸውም ከደከመ ቆይቷል።

«ከእኔ ጋር ይጫወታሉ እማማ?»

«አይ፣ ባቄላው ጠግቤያለሁ» አሉና ካርታ ማደል ጀመሩ።

ሌላ አገር ቢሆን ሰው ተነሥቶ «ምን በደልኩሽ?» ይላል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከስርቆት ይከፋል። የተቀየምነውን ሰው በትሕትና እንገድለዋለን እንጂ ተቀየምኩህ አንለውም። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሁላችንም አለባብሰን እናርሳለን። ኦሪንም በልቡ ፈረደ፦ ሊዮላ ገንዘቤን በላኸኝ ብላ ቆርጣብኛለች። ከከፈልኳት ትመለሳለች።

ሰኞ ሥራ ቦታዋ ሄደ። በሩን ሲከፍት ደወሏ ተንጫጨች፤ ሊዮላ ግን የለችም። ጠረጴዛው ላይ የጀሶ መንጋጋዎች ተደርድረው ያዩታል፤ ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ ሁለት ቡናማ ጫማዎች ከነባለቤታቸው ቁጢጥ ብለዋል። ኦሪን ጫማዎቹን አያቸው። ጨዋ ሰው ስለሆነ እንዳላየ ሆነ። አርባውን ዶላር በአሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ አድርጎ ከመንጋጋዎቹ አጠገብ አስቀመጠና በእግሩ ጣቶች እየረገጠ ወጣ።

በማግስቱ ቆርቆሮው የእሱ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። አርባው ዶላር እንዳለ ነው፤ በላዩ ላይ በዝኩኒ የተጋገረ ዳቦ ተጨምሮበታል። በእኛ አገር የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ቤት ቢቃጠልም ሰሃን ሲመለስ አንድ ነገር ይደረግበታል። ሊዮላም ሕግ ፈርታ ገንዘቡን መለሰች፣ ወግ ፈርታ ዳቦውን ጨመረች። ኦሪን ዳቦውን በቀኝ በኩል እያኘከ አዘነ። «ገንዘቤን እንኳ ተጸየፈችው» አለ።

ግን እሱም ቆርቆሮ ተልኮለት ዝም ሊል አይችልም። ብሉቤሪ የሚባለውን የዱር ፍሬ ለቅሞ ሞላበት፣ አርባውን ዶላር ከሥር ሸሽጎ፣ በሯ ላይ ትቶ ሮጠ። ቆርቆሮው በብሉቤሪ ማርማላታና በአርባ ዶላር ተመለሰ። የቲማቲም ድልህ አድርጎ ላከ፤ በኮምጣጤ በተዘፈዘፈ ኪያርና በአርባ ዶላር መጣ። እንዲህ ሲሉ ሐምሌ ነሐሴን ጨረሱ። የቆርቆሮው ባለቤት ማን እንደሆነ ተረሳ። የኦሪን ፍሪጅ በሩ አልዘጋ አለ፤ የከሰረ ሰው እንደዚያ በልቶ አያውቅም። አርባዋ ዶላር ብቻ ድልህ ድልህ፣ ኪያር ኪያር እየሸተተች ትመላለሳለች። ቅዳሜ ሲደርስ ሊዮላ ያንኑ እሳት ማጥፊያዋን ታነባለች።

ኦሪን ተስፋ ቆረጠ። ገንዘቡን ካልወሰደች ዕቃዋን ትውሰድ አለ። አንድ ዓርብ ጠዋት ጥርሱን አውልቆ በሳሙና አጠበው፣ በንጹሕ መሐረብ ጠቀለለው፣ ቆርቆሮው ውስጥ ከአርባዋ ዶላር ጋር አስቀመጠው። ጥርስ ብቻ መላክ ነውር መሰለውና ሦስት የዱባ አበባም ጣል አደረገበት። ሊዮላ ማርማላታ ጠብቃ ክዳኑን ስትከፍት የገዛ ሥራዋ ሳቀባት።

ዌንደል ተጠራ። ቆርቆሮውን አይቶ እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«አለቀልሽ! የከሰረ ሰው ጥርስ ከአፉ አስወለቀች ነው የሚባለው!»

«እኔ መቼ አስወለቅኩት? ራሱ ነው የላከው!»

«ለዳኛ ንገሪው። በይ መልሺለት።»

«ሳላናግረው እንዴት አድርጌ? በመስኮት ልወርውርለት?»

ዌንደል ለዚህ ሕግ አልነበረውም። ኬክ ካለ ጠየቀ።

በማግስቱ ቅዳሜ የበቆሎ ቅዳሜ ነበር፤ በዓመት አንዴ ባቄላው ላይ በቆሎ እሸት ይጨመራል። ኦሪን ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ አገጩ ወደ አፍንጫው ቀርቦ ከች አለ። አዳራሹ ሙሉ አየው፤ አንድም ሰው «ጥርስህ የት ሄደ?» አላለውም። ጨዋዎች ነና! የግራ ጎረቤቱ በቆሎውን በቢላዋ ፈልፍሎ ዝም ብሎ ሳህኑ ላይ አደረገለት። የቀኙም ፈለፈለ። ከማዶ ጠረጴዛ ተነሥታ የመጣች ሴትም ጨመረች። ኦሪን ፊት የበቆሎ ክምር ቆመ፤ ያንን እያየ ማልቀስም መሳቅም አማረው። ሊዮላ ዛሬ እሳት ማጥፊያውን ማንበብ አልቻለችም። የሠራችው ጥርስ ቦርሳዋ ውስጥ ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ ሰውየው እዚያ በድዱ በቆሎ ያላምጣል።

ካርታው ተጀመረ። በዚህ ጨዋታ ሰው ነጥቡን በአፉ ይጠራል፣ ቀዳዳ ባለው ሳንቃ ላይም እንጨቱን ወደፊት ይሰካል። የአዳራሹ ሕግ አንድ ነው፦ ጮክ ተብሎ በግልጽ ያልተጠራ ነጥብ ነጥብ አይደለም። ካርታው ተደምሮ አሥራ አምስት በሞላ ቁጥር ሁለት ነጥብ ይቆጠራል፤ ኦሪን ግን ያለ ጥርስ «አሥራ አምስት» ሊል ሲል «አፍራ አምፍት» ይላል፤ እማማ ፖምሮይ ድሮም አይሰሙም፣ ሳንቃው ላይ ደስ ያላቸውን ያህል ይሄዳሉ። ተጋጣሚዎቻቸው ደግሞ «ምን አልክ?» ማለት ነውር ሆኖባቸው ዝም ይላሉ። በዚህ ዓይነት ሁለቱ ያገኙትን ሁሉ እያሸነፉ፣ ራሳቸውም እየተገረሙ ለመጨረሻው ዙር ደረሱ። ለመጨረሻው የደረሱት ሌሎቹ ሊዮላና ዌንደል ናቸው።

ጨዋታው ትንቅንቅ ሆነ። መጨረሻ ላይ ኦሪን በሕይወቱ ካያቸው ካርታዎች ሁሉ ያማረውን ያዘ። አሸናፊ ካርታ ነው። ዘርግቶ አስቀመጠና መቁጠር ጀመረ፦ «አፍራ አምፍት ለሁለት፣ አፍራ አምፍት ለአራት…»

«አልሰማሁም!» አለ ዌንደል። ዌንደል ብቻ ነው በዚያ አዳራሽ ይሉኝታ ያልፈጠረበት። «ግልጽ አይደለም። ያልተጠራ ነጥብ ነጥብ አይደለም፤ ሕግ ሕግ ነው።»

ኦሪን ደግሞ ጀመረ። ባሰበት። አንድ የበቆሎ ፍሬ ከአፉ ተፈናጥራ ሳንቃው ላይ ወደቀች።

«ይኸንንስ ስንት ነጥብ ልበለው?» አለ ዌንደል እየሳቀ።

ኦሪን ካርታዎቹን ቀስ ብሎ ሰበሰበ። ሲቀላ ሊዮላ አየችው። ጎጆዎቹ ሲወርዱ እንኳ እንዲህ አንገቱን አልደፋም ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እሷ ራሷም ቆርቆሮውን መቼ እንዳወጣችው አላወቀችም። ጠረጴዛው ላይ በኃይል አጋጨችው።

«ጥርሱን ክተተውና ቁጠር! የሠራሁልህ ሰው እንዲስቅብህ ነው?»

ወዲያው በእጇ አፏን ከደነች። ከዚያ አዳራሹን ቃኘች፤ ጠበቃው ኬሰል ጥግ ላይ ባቄላውን እየበላ ነው።

«አቶ ኬሰል፣ ይጻፉት። ጠይቄዋለሁ። ጥርሱንም አይቻለሁ። የሚቀጡኝን ይቅጡኝ።»

ጠበቃው የጎረሰውን ለመዋጥ ጊዜ ወሰደበት። «ማን ነው የሚቀጣዎት?»

«ሕጉ ነዋ! በማናቸውም መንገድ ይላል። እኔ በዓይኔም በአፌም ጠየቅኩት።»

«ወይዘሮ ሊዮላ፣ ሕጉ ዕዳህን ክፈለኝ አይበሉት ነው የሚለው። ሰላም አይበሉት አላለም። በዚህም ላይ ሰውየው ወዶ ከሰጠዎት መቀበል ይችላሉ። ይኸን እሱ ከእኔ ከሰማ ሰነበተ እኮ!»

አዳራሹ ሁሉ ወደ ዌንደል ዞረ። ዌንደል ካርታዎቹን እንደ አዲስ ያጠና ጀመር። «እኔ መኪና ነው የሸጥኩት» አለ ቀስ ብሎ።

ኦሪን አንድ ነገር ተናገረ፤ ማንም አልገባውም። ጥርሱን ከመሐረቡ ፈቶ ከተተው፤ ቀጭ ሲል ኋላ ያሉትም ሰሙት።

«አኩርፈሽኝ መስሎኝ ነበር» አለ።

«እኔ? ጥርሴን ስትመልስልኝ እኔም አኮረፈኝ ብያለሁ እንጂ! ገንዘቡን ስመልስልህ ያን ሁሉ ዳቦ ለጠላቴ ነው የጋገርኩት?»

«የወግ መስሎኝ።»

«ለወግ ቢሆን ኖሮ ስኳር አልጨምርበትም ነበር!»

ኦሪን ካርታዎቹን መልሶ ዘረጋ። አንድ በአንድ፣ ጥርት ባለ ድምፅ ቆጠረ፤ ዌንደል አንዲት ቃል የሚነቅፍበት አጣ። እማማ ፖምሮይ እንጨቱን እስከ መጨረሻው ቀዳዳ ወስደው ሰኩት።

«ምን አለ?» አሉ።

«አሸነፍን፣ እማማ!» ብሎ ጮኸላቸው።

«እኔማ ከጥንቱም አውቄያለሁ» አሉና ካባቸውን ለብሰው ቤታቸው ሄዱ።

አንድ ወንበር ተለቀቀ። ዌንደል ሳይነገረው ተነሣ፤ ኦሪን ሊዮላ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ከቆርቆሮው ውስጥ አርባዋን ዶላር አውጥቶ ወደ እሷ ገፋት።

«አልጠየቅኩህም» አለች፣ ጠበቃው እንዲሰማ ጮክ ብላ።

«አልጠየቅሽኝም።»

ሊዮላ ገንዘቡን አንሥታ አሸተተችው። «ኪያር ኪያር ይላል» አለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ካርታውን ታድል ጀመር። ኦሪን የደረሱትን ካርታዎች አላየም። ደረቱን ነፋ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሲያፍነው የከረመውን ነገር እንደ ባለመብት አወጣው።

«ሊዮላ።»

«አቤት።»

«የግራው ይቆረቁረኛል።»

እጇ አየር ላይ ቀረ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ሳምንት።»

«ዓመት ሊሞላው ነው! አንተ ደረቅ፣ ምን ዘጋህ?»

«ባልከፈልኩበት ጥርስ ላይ ምን ብዬ አቤቱታ አቀርባለሁ?»

ሊዮላ ትክ ብላ አየችው፤ ዓይኗ ሞላ። ካርታውን አስቀመጠችና ቦርሳዋን በርብራ ትንሿን ሞረድ አወጣች፤ መነጽሯንም አደረገች።

«ክፈት» አለችው።

ኦሪን አፉን ከፈተ። አዳራሹ ሙሉ እያየ ሊዮላ ጣቷን ከተተች፣ ጥርሱን አወጣች፣ ፋቅ ፋቅ አደረገች፣ መልሳ አስገባችለት። ነክሶ ሞከረው።

«አሁንስ?»

ምንም አልቆረቆረውም። «ገና ትንሽ ይቀረዋል» አለ።